12 ዓመት የቆመ ትንሽ አውሮፕላን ስንት ያወጣል? ወንድሜ ሊገዛ ነው

የማርቆስ ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፤ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ይኖራል። ቀን መጋዘን ይሠራል፣ በትርፍ ጊዜው አብራሪነት ይማራል። የግል አብራሪ ፈቃዱን አውጥቷል። ተቀጥሮ ለመብረር ግን የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ በተለመደው መንገድ 250 ሰዓት በረራ ይጠይቁታል። እሱ ገና 70 ሰዓት ላይ ነው። በሰዓት እየተከራየ መብረሩ ደመወዙን ጨረሰው። አሁን "የራሴን ትንሽ አውሮፕላን ልግዛ፣ ሰዓቴን ስሞላ እሸጣታለሁ" ይላል።

ያገኛት የ1966 ስሪት ሴስና 150 ናት። ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ባለቤትየው አርፈዋል፤ የምትሸጠው ሚስታቸው ናት። ጋልቬስተን አካባቢ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ውስጥ 12 ዓመት ሳትነሳ ቆማለች። ዋጋዋ 16,000 ዶላር ነው። ማስታወቂያው "ሞተሩ ከኦቨርሆል (ተፈትቶ ሙሉ በሙሉ ከታደሰ) በኋላ 900 ሰዓት ብቻ ሠርቷል፤ እስከ 1,800 ይሄዳል፤ ገና ግማሽ ዕድሜ አለው" ይላል።

ገንዘቡ የሰባት ዓመት ቁጠባው ነው። ከፊሉ ለእናታችን ቤት ማደሻ የታሰበ ነበር። እናታችን ደግሞ እኔን አምና "ይግዛ ወይስ ይተው?" ትለኛለች። መኪና ቢሆን አላፍርም፤ 12 ዓመት ግቢ ውስጥ የቆመ አይሱዙ ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ። አውሮፕላን ግን ከየት ልወቅ? የምታውቁ እባካችሁ።

ዓባይ ማዶ

እህቴ፣ እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ አሁን ዳላስ ነው የምኖረው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ሴስና 150 አለችን። መጀመሪያ ደግ ደጉን ልንገርሽ። ወንድምሽ የመረጠው ዓይነት ትክክለኛ ነው። ሴስና 150 ከ1958 እስከ 1977 ከ23,000 በላይ ተሠርቷል። መለዋወጫው ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም። ሞተሩ ኮንቲኔንታል ኦ-200 ይባላል፤ አራት ሲሊንደር፣ 100 የፈረስ ጉልበት። በሰዓት 23 ሊትር ገደማ ነዳጅ ነው የሚጠጣው። ሰዓት ለመሙላት ከዚህ የረከሰ ነገር አታገኙም።

እኔ ባለሁበት አካባቢ የሚበር፣ ወረቀቱ የተሟላ 150 ከ28,000 እስከ 38,000 ዶላር ሲጠየቅበት አያለሁ። ስለዚህ 16,000 ሲባል ርካሽ ይመስላል። ግን ይህቺ የምትበር አውሮፕላን አይደለችም። ገና ምን እንደሆነች ያልታወቀች ዕቃ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጃንዋሪ 1፣ 2020 ጀምሮ በትላልቅ ከተሞች ዙሪያ ለመብረር ኤዲኤስ-ቢ የሚባል መሣሪያ ግዴታ ነው፤ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያሳውቅ ማለት ነው። ይቺ ከዚያ በፊት የቆመች ስለሆነች አይኖራትም። ከነማስገጠሚያው 3,000 ዶላር ያህል ያዙለት።

ጡረተኛው መካኒክ

ባሕር ዳር ነው ያለሁት ልጄ። 31 ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ሠርቻለሁ። "ገና ግማሽ ዕድሜ አለው" የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፋብሪካው ለኦ-200 የሚሰጠው የኦቨርሆል ጊዜ 1,800 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው። ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ሰዓቱን ብቻ ማንበብ ግማሹን ማንበብ ነው። ለግል አብራሪ ይህን ማክበር በሕግ አይገደድም፤ ብዙዎች ያልፉታል፣ በደንብም ይበራሉ። እነሱ ግን በየሳምንቱ የሚበሩ ናቸው። ኦቨርሆሉ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ጠይቂው።

አሁን ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ሞተር ሲሠራ ውስጡ በዘይት ይለብሳል። ሲቆም ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዱ ሲሊንደር ቫልቩ እንደተከፈተ ነው የሚቆመው፤ የውጭ አየር እንደልቡ ይገባል። ጋልቬስተን የባሕር ዳርቻ ነው። አየሩ እርጥብ ነው፣ ጨውም አለበት። የሲሊንደሩ ግድግዳ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ዝገቱ ቢፋቅ እንኳ ጉድጓዱ ይቀራል። ፒስተኑ ሲመላለስ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) በዚያ ጉድጓድ ላይ ይሞረዳሉ። ከዚያ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

አንድ መልካም ነገር አለ። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከታች፣ ወደ ዘይቱ ቀረብ ብሎ ነው ያለው። ላይካሚንግ የሚባሉት ሞተሮች ላይ ካሙ ከላይ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚገድላቸውም እሱ ነው። የዚህኛው ካም የመትረፍ ዕድል አለው። ሲሊንደሮቹን ግን እፈራለሁ።

ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ይህን ንገሪው፦ ማንም ሰው ያንን ሞተር እንዳያስነሳ። "አስነስተን ቪዲዮ እንላክልህ" ቢሉት እምቢ ይበል። ደርቆ የቆመ ሞተር ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብረት በብረት ነው የሚሄደው። ለ10 ደቂቃ መሬት ላይ ማሠራትም አይረዳም። ዘይቱ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልደረሰ እርጥበቱ አይተንም፤ እንዲያውም አዲስ ውኃና አሲድ ይጨመርበታል።

ቆጋ መስኖ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ መራዊ ነኝ፤ ቆጋ ላይ አትክልት አለማለሁ። የናፍጣ ውኃ መሳቢያ ነበረኝ፤ ሁለት ክረምት ሳላሠራው መጋዘን ቆየ። ስገባ ከላይ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ገመዱን ስስበው እንቢ አለ። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከነሙሉ ጤናው ያስቀመጥኩት ሞተር ነው። ሁለት ክረምት ይህን ካደረገ 12 ዓመት ምን ያደርጋል?

የማርቆስ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠየቅሁት። ኦቨርሆሉ የተሠራው በ1994 በፈረንጅ ነው። ሌላም ነገር ነገረኝ። የሴትየዋ ልጅ "እንዳይጣበቅ ብዬ በየወሩ መዞሪያውን (ፕሮፔለሩን) በእጄ አዞረው ነበር" ብሎታል። ወንድሜ በዚህ ደስ ብሎታል። ጥሩ ነው አይደል?

ጡረተኛው መካኒክ

አይደለም ልጄ። ልጁ በቅን ልብ ነው ያደረገው፣ አይወቀስም። ግን መዞሪያውን በእጅ ማዞር በግድግዳው ላይ የቀረችውን ጥቂት ዘይት ይጠርጋታል እንጂ አዲስ ዘይት አያመጣም።

ደግሞ አደጋ አለው። የአውሮፕላን ሞተር ካንዴላው የሚተኩሰው ከባትሪ ሳይሆን ከማግኔቶ ነው። ማግኔቶው ሲዞር የራሱን መብራት ያመነጫል። ቁልፉ ቢጠፋም፣ ወደ ቁልፉ የሚሄደው አንዱ ሽቦ ከተበጠሰ ማግኔቶው ሕያው ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ነዳጅ ካለ ሞተሩ በእጅ ተነስቶ ሰው ይቆርጣል። አይጥ ሽቦ በበላበት አውሮፕላን ይህን አላደርግም። ወንድምሽ ሲሄድ እጁን ከመዞሪያው ያርቅ።

የእንጅባራ ፈረሰኛ

እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም፤ ስለ ፈረስ ግን አውቃለሁ። እኛ አገር ፈረስ ሲገዛ ሻጩ ዕድሜውን ይነግርሃል፣ አንተ ጥርሱን ታያለህ። ከርሞ የታሰረ ፈረስ ይወፍራል፣ ያብረቀርቃል፣ ለዓይን ከሁሉም ያምራል። ስታስነሳው ነው ሰኮናው የሚነግርህ። የዚህች አውሮፕላን ጥርስ የቱ ጋ ነው? እሱን የሚያይ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የሻጭ ሰው እንዳይሆን ብቻ።

ጡረተኛው መካኒክ

ፈረሰኛው ጥሩ ጠየቀ። ጥርሷ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ በቀዳዳው ቀጭን ካሜራ ይገባል። ቦሮስኮፕ ይባላል። የአራቱም ሲሊንደር ግድግዳና ቫልቭ ፎቶ ይነሳል። የአየር ግፊት ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ጉድጓድ ያለበት ሲሊንደርም አንዳንዴ ያልፈዋል። ሴትየዋ ከፈቀደች ደግሞ አንድ ሲሊንደር ይውረድ። በዚያ በኩል ካሙን በባትሪ መብራት ማየት ይቻላል።

ከሞተሩ ውጭ የማልተዋቸው አሉ። አይጥ። የአይጥ ሽንት አሉሚኒየም ይበላል፤ ጎጆዋ ሥር ነጭ ዱቄት ካየህ ላሜራው ታሟል ማለት ነው። የክንፉ ውስጥና የጅራቱ ውስጥ በመብራት ይታይ። የመቀመጫው ሐዲድ። ሴስና ላይ ሐዲዱ ከተበላ መቀመጫው ሲነሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪው መሪውን ይዞ አብሮ ይሄዳል። ሰው የሞተበት ነገር ነው፤ ስለዚህ በሕግ በየጊዜው እንዲፈተሽ ታዝዟል። ማርሚታው። የአውሮፕላኑ ማሞቂያ አየር የሚያልፈው በማርሚታው ዙሪያ ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ጢሱ ወደ አብራሪው ይገባል፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። የጎማ ቱቦ ሁሉ፣ የነዳጁም የዘይቱም፣ አይቶ መፍረድ አያስፈልግም። ይቀየራል።

ደጀን በረሃ

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር። ሴትየዋ ዋጋውን አታውቅም፤ ባሏ የተወው ዕቃ ቦታ ይዞባታል። ወንድምሽ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይሂድ፣ 5,000 ይበላት። ትሸጣለች። ምርመራ ምርመራ ስትሉ ሌላ ገዢ ይቀድማችኋል።

የማርቆስ ልጅ

ወንድሜ ደጀን፣ ምክርህን አከብራለሁ። ግን እናታችን የአባታችንን በሬዎች የሸጠችው በሐዘኗ ዓመት ነው። የገዛት ሰው ዋጋ እንደማታውቅ አይቶ ነው የገዛት። እስካሁን ገበያ ላይ ስታየው ፊቷን ታዞራለች። የሷ ልጅ ባሏ የሞተባትን ሴት እንዲህ አድርጎ እንዲገዛ አልፈልግም። ትክክለኛውን ዋጋ ነው የምፈልገው፤ ለሱም ለሷም።

ዓባይ ማዶ

እህቴ፣ እንግዲያው ሒሳቡን እንሥራው። ያለ ሒሳብ 5,000ም 16,000ም የአፍ ዋጋ ናቸው።

ስትበር ስንት ታወጣለች ከሚለው እንነሳ። መካከለኛውን 32,000 እንበል። ከዚያ የትም የማይቀሩትን እንቀንስ፦ ዓመታዊ ምርመራው፣ ማለትም እንደ መኪናው ቦሎ በየ12 ወሩ የሚደረገው፣ ቱቦዎቹ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ካርቡራቶርና ማግኔቶ ማሠራት፣ በሱ ላይ ኤዲኤስ-ቢ። ለኔ 11,000 ይመጣል። 21,000 ቀረ። የወንድምሽ ልፋትና ያልታሰበ ነገር 4,000 ይያዝለት። ሞተሩ ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ 17,000 ዶላር ልክ ነው። ሴትየዋ የጠየቀችው 16,000 የማይረባ ዋጋ አይደለም ማለት ነው። ግን የደህና ሞተር ዋጋ ነው።

ሞተሩ ከሞተስ? የኦ-200 ኦቨርሆል ዛሬ ከ25,000 ዶላር በላይ ነው፤ 30,000 እንያዝ። አዲስ የታደሰ ሞተር ያላት አውሮፕላን ከፍ ትላለች፤ 45,000 እንበል። 45 ሲቀነስ 30፣ ሲቀነስ 11፤ 4,000 ነው የሚቀረው። ልፋቱን ስትቆርጪለት ምንም አይተርፍም።

አየሽው? ያው ላሜራ፣ ያው ቀለም፤ 17,000 ወይም ከ4,000 በታች። ልዩነቱን የሚፈርደው ካሜራው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሐሉን ቆርጦ 10,000 ብሎ ሲገዛ ነው። 10,000 የማንኛውም ሞተር ዋጋ አይደለም፤ የግምት ዋጋ ነው። ስለዚህ ቀብድ ይስጥና "ከምርመራው በኋላ እንስማማለን፣ ካልተስማማን ቀብዱ ይመለሳል" ብለው ይፈራረሙ። የምርመራውን እሱ ይክፈል።

ፍኖተ ሰላም

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣሁ። ሰዓቱን ከሞላ በኋላ ወደ ጎጃም ቢያመጣትስ? ለርጭትም ለአስተማሪነትም ትሆናለች። "ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን እንኳ በ1935 በፈረንጅ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ፣ ጣልያን ወስዷት፣ በጃንዋሪ 2024 ተመልሳ መጥታለች። ዜናውን ሳይ አልቅሻለሁ። ስለዚህ የአሮጌ አውሮፕላን ነገር ልቤን ይነካዋል።

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ እኔም ያን ቀን ዓይኔን አላመንኩም። ሉድቪግ ዌበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስና የኛ ሰዎች አብረው የሠሯት ሁለት መቀመጫ ያላት አውሮፕላን ናት።

ሴስና 150ን ግን ወደ ማርቆስ አታምጧት። አየር መጭመቂያ (ቱርቦ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ነው። 100 የፈረስ ጉልበቷ እዚያ 75 ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ክንፉም መዞሪያውም የሚይዙት አየር ሳስቷል። ሁለት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዛ በቀትር ለመነሳት መሬቱ ሁሉ አይበቃትም። ጋልቬስተን በባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚያ ትብረር።

ዓባይ ማዶ

ወረቀቱን ሳንነጋገር እንዳንቀር። ሦስት ዓይነት የጥገና መዝገብ አለ፤ የአካሉ፣ የሞተሩ፣ የመዞሪያው። ከ1966 ጀምሮ መሟላታቸውን ገጽ በገጽ ይይ። መዝገቡ የጠፋ አውሮፕላን ሊብሬ እንደሌለው መኪና ነው፤ ዋጋው በጣም ይወድቃል።

ሌላው ባለቤትነቱ ነው። አውሮፕላኗ በሟቹ ስም ናት። የአሜሪካ ምዝገባ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ 12 ዓመት ማንም ካልነካው ጊዜው አልፏል። ሴትየዋ ወራሽ መሆኗን የሚያሳይ ሕጋዊ ወረቀት ከሌላት ፊርማዋ ብቻውን አያሻግርም። ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የአውሮፕላን ምዝገባ ቢሮ መዝገብ ላይ ዕዳ እንዳለባትም ይጣራ። ወንድምሽ ግሪን ካርድ ካለው በስሙ ማስመዝገብ ይችላል፤ ዜግነት አያስፈልገውም።

የማርቆስ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ሻጩን የማያውቅ መካኒክ ይዞ ሄደ። 600 ዶላር ከፈለ። መዝገቦቹ ተሟልተው ተገኙ፤ ሟቹ እያንዳንዷን ዘይት ቅየራ በእጃቸው ጽፈዋል። የውርስ ወረቀቱም አለ፣ ዕዳ የለባትም። የግራው ክንፍ ሥር የአይጥ ጎጆ ነበር፤ ላሜራው ግን ታጥቦ ሲታይ አልተበላም። ከዚያ ካሜራው ገባ። ሁለተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነዋል። ሌሎቹ ሁለቱ ቀላል ዝገት አላቸው። ሁለተኛውን አወረዱት፤ የሚታየው የካም ክፍል ንጹሕ ነው፤ ጋሼ እንዳሉት።

መካኒኩ "አራቱንም ሲሊንደር ቀይሩ፤ ከነሥራው 12,000 ያህል ነው" አለ። እኔም እዚህ ሱቄ ቁጭ ብዬ በናንተ ሒሳብ ሠራሁት። 32 ሲቀነስ 11፣ ሲቀነስ 12፤ 9,000፤ ይህ የልፋቱና ያልታሰበው ነገር ሳይቀነስ ነው። ወንድሜ ፎቶዎቹን ሁሉ ለሴትየዋ አሳያት፣ ሒሳቡንም በወረቀት ጻፈላት። 7,000 አላት። አልተቆጣችም። "ላስብበት፣ ልጄም ይየው" አለች። ከሳምንት በኋላ ደወለችለት፤ 8,000 ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የባሏ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን መዝገብ ኮፒ አድርጎ እንዲሰጣት። ሰጣት።

እናታችን ስነግራት በመጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሴትየዋ ደስ ብሏት ነው የሸጠችው?" ብላ ነው። የቤቱ ማደሻ ለመጪው በጋ ተላልፏል። እሷ ናት እንዲተላለፍ ያለችው።

ደጀን በረሃ

እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ 5,000 ብዬ ነበር፤ ሒሳቡን ሳየው ግን 8,000 ተገቢ ነው። ሴትየዋም ዓይኗ እያየ ነው የሸጠችው።

የማርቆስ ልጅ

አሜን። ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሳትበር ወደሱ ከተማ እንዴት ትሂድ? ለአንድ በረራ ብቻ ልዩ ፈቃድ እንደሚሰጥ ሰምቷል።

ጡረተኛው መካኒክ

ፈቃዱ አለ፤ ግን መካኒክ "ለዚህ በረራ ትሆናለች" ብሎ መፈረም አለበት። በነዚያ ሲሊንደሮች እኔ አልፈርምም። በተሳቢ ትሂድ። ክንፎቹ ይውረዱ፤ ለአንዱ ክንፍ አራት ሰው ይኑር፣ አንዱ ጫፉን ብቻ ይያዝ። ነዳጁ አስቀድሞ ይቀዳ። የተፈታ ቱቦ ሁሉ አፉ ይታሰር፣ ተርብ ጎጆ እንዳይሠራበት። ቡሎኖቹን በአንድ ቆርቆሮ አይደባልቅ፤ እያንዳንዱ ከወጣበት ቀዳዳ ስም ጋር በየከረጢቱ ይግባ። ከመፍታቱ በፊትም የመሪውን የሽቦ ገመዶች በየፑሊያቸው ፎቶ ያንሳ። ፎቶዎቹን ወደዚህ ላኪልኝ፣ አያቸዋለሁ።